የጦር ሜዳይ እንደ ታሪክ ሰነድ፦ አመዘጋገቡ፣ አቀማመጡና አጠራረጉ

መግቢያ

በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን የዐድዋ ድል፣ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ የአርበኞች መታሰቢያ በዓል ሲከበር፣ በአዲስ አበባ አደባባዮች ጎፈር የደፉ፣ ካባ የደረቡና ደረታቸው በሜዳይ የተሸፈነ ሰዎች ይታያሉ። ዘመኑ እየራቀ በሄደ መጠን ግን ሜዳዩን ያንጠለጠለው ሰው በአብዛኛው የተሸለመው አርበኛ ራሱ ሳይሆን ልጁ ወይም የልጅ ልጁ እየሆነ መጥቷል። የፋሽስት ኢጣልያ ወረራ በ1933 ዓ.ም. ካበቃ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ከኮሪያ ዘማቾችም መካከል በሕይወት ያሉት ጥቂቶች ናቸው። በመሆኑም ሜዳዩ ከባለቤቱ እጅ ወደ ወራሽ፣ ከወራሽም ወደ ነጋዴ ወይም ወደ ቤተ መዘክር የሚተላለፍበት ጊዜ ላይ ተደርሷል።

በዚህ ዝውውር ብረቱ ላይጠፋ ይችላል። የሚጠፋው ብረቱ ስለ ማን እንደሚመሰክር ነው። ሜዳይን መንከባከብ ሲባል ብዙውን ጊዜ በሰው አእምሮ የሚመጣው ማጽዳትና ማብረቅረቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ከሦስቱ ሥራዎች፣ ማለትም ከመመዝገብ፣ ከማስቀመጥና ከመጥረግ መካከል፣ መጥረግ የመጨረሻው ሲሆን ብዙ ጊዜም ጨርሶ የማያስፈልግ ነው። የዚህ ቅደም ተከተል ምክንያት የሙያ ብቻ አይደለም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ሜዳይ እንዴት ይሰጥ እንደነበር ከሚያሳየው ታሪክ የሚመነጭ ነው። ስለሆነም የአያያዙን ሥርዓት ከመዘርዘር በፊት ታሪኩን በአጭሩ መመልከት ይገባል።

1. ከፉከራ ወደ ኒሻን

በቀድሞው ዘመን ጀግንነት የሚታወቀው በተቀረጸ ብረት አልነበረም። ንጉሡ ወይም የጦር አለቃው ጀብዱ ለፈጸመ ሰው ለምድ፣ ካባ፣ በብር ያጌጠ ጋሻ፣ ጎራዴ፣ ቢተዋ ይሸልመው ነበር፤ ማዕረግና ርስት የሚጨመርበትም ጊዜ ነበር። የተሸለመው ሰው ማን እንደሆነና ምን እንደሠራ የሚነገረው ደግሞ በፉከራና በቀረርቶ ነው። ጀግናው ዘራፍ ብሎ ሲነሣ የአባቱን ስም፣ የፈረሱን ስም፣ የዋለበትን ጦር ሜዳ በሕዝብ ፊት ይቆጥራል፤ የሰሙት ይመሰክራሉ፤ የዋሸም እንደሆነ ያጋልጡታል። ሲሞትም ፈረሱ፣ ጋሻውና ጠመንጃው በለቅሶው ላይ ለሕዝብ ይታይ ነበር። ሽልማቱና ስሙ አብረው የሚኖሩት በመንደሩ ትውስታ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

በአውሮፓ አሠራር የተቀረጸ ኒሻን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1874 የሰሎሞን ማኅተም ኒሻንን አቋቋሙ። ምኒልክም ገና የሸዋ ንጉሥ በነበሩበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1884 እና በ1885 ገደማ፣ አምስት ደረጃዎች ያሉትን የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻንን መሠረቱ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1922 የንግሥተ ሳባ፣ በ1924 የዳግማዊ ምኒልክ፣ በ1930 ደግሞ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ጋር የሥላሴ ኒሻን ተከተሉ። እነዚህ ኒሻኖች ለባለሥልጣናት፣ ለውጭ አገር መኳንንትና ለመልእክተኞች ጭምር የሚሰጡ በመሆናቸው ከጦር ሜዳ ይልቅ ከመንግሥታት ግንኙነት ታሪክ ጋር የተያያዙ ናቸው። በጦር ሜዳ አገልግሎት የተነሣ በብዛት ለተራው ሰው የተሰጡት ሜዳዮች የመጡት ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ ነው። በዱር በገደሉ የተዋጋው የአርበኝነት፣ በስደት የቆየው የስደተኝነት ሜዳይ ተሰጠው። በአርበኞቹ ሜዳይ ሪባን ላይ የሚደረገው የዘንባባ ቅርጽ ባለሜዳዩ ስንት ዓመት በአርበኝነት እንደቆየ ያመለክታል።

ከአሠሪዎቹ አንጻርም እነዚህ ሜዳዮች የሚያስተምሩት ብዙ ነው። ከፊሎቹ በፓሪስ አርቱስ በርትራን በተባለው ቤት፣ ከፊሎቹ በለንደን በማፒን ኤንድ ዌብ፣ ከፊሎቹም በአዲስ አበባ በአርመናዊው ወርቅ ሠሪ በቤድሮስ ሰቫጅያን ተሠርተዋል። በሜዳዩ ጀርባ የሚገኘው ትንሽ የሠሪ ምልክት ሜዳዩ በየትኛው ዘመን እንደተሠራ ለመገመትና ከቅጂው ለመለየት ይረዳል። ይህ ምልክት ደግሞ ጥልቀቱ አነስተኛ ስለሆነ ሜዳዩ በተፈተገ ቁጥር ፈጥኖ ከሚደበዝዙት አንዱ ነው።

2. ስም ያለበትና ስም የሌለበት ሜዳይ

በሜዳይ አያያዝ ረገድ ዋናውን ነጥብ ለመረዳት ሁለት ሜዳዮችን ማነጻጸር ይጠቅማል። ሁለቱም የኢትዮጵያ ታሪክ አካል ናቸው።

የመጀመሪያው እንግሊዞች በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ለዘመተው ጦራቸው የሰጡት ሜዳይ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ሕይወታቸውን ካሳለፉ አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 1869፣ ሜዳዩ ተቋቋመ። የተሠራው ከብር ነው። በፊት ገጹ መካከል የንግሥት ቪክቶሪያ ምስል ሲኖር፣ በዙሪያው ዘጠኝ ጫፍ ያለው ኮከብ ተቀርጾ በጫፎቹ መካከል «አቢሲኒያ» የሚለው ስም ዘጠኝ የላቲን ፊደላት አንድ በአንድ ተደርድረዋል። ከሌሎች ሜዳዮች የሚለየው ግን በጀርባው ነው፤ በአብዛኞቹ ላይ የወታደሩ ስምና ክፍል በአበባ ጉንጉን መካከል ከብረቱ ከፍ ብሎ ተቀርጿል። ይህም ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ማተሚያ ማዘጋጀትን የጠየቀ በመሆኑ ወጪው ከፍተኛ ነበር። በጠቅላላው ወደ 14,000 የሚጠጉ ሜዳዮች ተሰጥተዋል። የተሸላሚዎቹም ዝርዝር በእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። በዚህ ምክንያት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ሜዳይ በገበያ ቢገኝ እንኳ ባለቤቱ ማን እንደነበረ፣ በየትኛው ክፍል እንዳገለገለ ማወቅ ይቻላል።

ሁለተኛው ከላይ የተጠቀሰው የኢትዮጵያ አርበኞች ሜዳይ ነው። በዚህ ሜዳይ ላይ እንደ አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ሜዳዮች ሁሉ የባለቤቱ ስም አልተቀረጸም። ስሙ ያለው አብሮ በተሰጠው የምስክር ወረቀት ላይ፣ በፎቶግራፍ ላይና በቤተ ሰቡ አንደበት ነው። ወረቀቱ ከተቃጠለ ወይም ብል ከበላው፣ አያቱን የሚያውቁት ካለፉ፣ ሜዳዩ ከሌላው ተመሳሳይ ሜዳይ የማይለይ ብረት ሆኖ ይቀራል።

ንጽጽሩ አንድ መራራ እውነት ያሳያል። መቅደላ ድረስ የዘመተው የባዕድ ወታደር ስም በብር ተቀርጾ ሲኖር፣ አገሩን ለአምስት ዓመት የተከላከለው አርበኛ ስም ግን በወረቀትና በቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው። እንግሊዛዊው ሜዳይ ከመዝገቡ ቢለይም ስሙን ራሱ ይዞ ይዞራል፤ የአርበኛው ሜዳይ ግን ከመዝገቡ ሲለይ ዝም ይላል። ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ሜዳይን መመዝገብ የቤተ መዘክር ሥርዓት ማሟያ ሳይሆን፣ ሜዳዩ ሲሰጥ ሳይጻፍ የቀረውን ስም ዘግይቶም ቢሆን መጻፍ ነው።

3. ሪባኑ የሚናገረው

ብዙ ጊዜ እንደ ጌጥ ብቻ የሚቆጠረው ሪባንም የሰነዱ ክፍል ነው። ለዚህ የኮሪያና የኮንጎ ዘመቻዎች ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ።

በራስ መኰንን የፈረስ ስም የተጠራው የቃኘው ሻለቃ ጦር የመጀመሪያው ክፍል በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ተነሣ። ተራ በተራ የተተካኩት የቃኘው ሻለቆች በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፈው ተዋጉ፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሲሰጡ አንድም የተማረከ እንዳልነበረ ይታወቃል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ የተቋቋመው የኮሪያ ሜዳይ ከነሐስ የተሠራ፣ ስፋቱ 36 ሚሊሜትር የሆነ፣ ሰማያዊና ነጭ መስመሮች በተፈራረቁበት ሪባን የሚንጠለጠል ነው። በጀርባው ያለው ጽሑፍ ለየአገሩ ጦር በየቋንቋው እንዲቀረጽ በመደረጉ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው በአማርኛ ነው። የአማርኛ ፊደል የተቀረጸበት የዓለም አቀፍ ድርጅት ሜዳይ መኖሩ ብቻውን ለአንድ የታሪክ ክፍለ ጊዜ በቂ መነሻ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ የተሰጡት የድርጅቱ ሜዳዮች ግን በአብዛኛው የፊቱም የጀርባውም ገጽ አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱን ዘመቻ ከሌላው የሚለየው ሪባኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ በኮንጎ ያገለገሉት የጠቅል ብርጌድ ወታደሮች ዘንድ ሁለት ዓይነት ሪባን ሊገኝ ይችላል። በመጀመሪያ ሜዳዩ ይሰጥ የነበረው ለሌላ የድርጅቱ ተልእኮ በተዘጋጀው ሪባን ላይ «ኮንጎ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ዘንግ ተጨምሮበት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ግን ለኮንጎ የራሱ የሆነ ሪባን ወጣለት። በኋላም በሩዋንዳ፣ በላይቤርያ፣ በዳርፉርና በአብዬ ያገለገሉት ኢትዮጵያውያን የተሸለሙት በዚሁ ሥርዓት ነው። እንግዲህ አንድ ቅን ወራሽ የአባቱ ሜዳይ ሪባን አርጅቷል ብሎ ከልብስ ሰፊ ዘንድ አዲስ ጨርቅ ቢያስገባበት፣ ሜዳዩ በየት አገር እንደተገኘ የሚመሰክረውን ብቸኛ ማስረጃ ጥሎታል ማለት ነው። የነተበ ሪባን በእውነተኛው ሜዳይ ላይ ሊቆይ ይገባል፤ ለበዓል መልበሻ ካስፈለገ ቅጂ ማሠራት ይሻላል።

4. የሥርዓት ለውጥና የመዝገብ መቋረጥ

የሜዳዮች መዝገብ የተቋረጠው በእርጅና ብቻ አይደለም። ዘውዳዊው ሥርዓት በመጋቢት 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ከተሻረ በኋላ የዘውድ ምልክት ያለበት ሜዳይ በአደባባይ የሚደረግ ነገር መሆኑ ቀረ፤ ከሳጥን ሥር ገባ። ወታደራዊው መንግሥት በበኩሉ የራሱን የጀግንነት ሜዳዮች አቋቁሞ ሸለመ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ያ መንግሥት ሲወድቅ ሠራዊቱ ተበተነ፤ የእነዚያ ዓመታት ሜዳዮችም በተራቸው ወደ ሳጥን ገቡ። ስለ ሥርዓቶቹ የሚሰጠው ፍርድ ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ ለታሪክ ተመራማሪ ግን የሁሉም ዘመን ሜዳይ እኩል ሰነድ ነው። መዝጋቢው የአንዱን ዘመን አክብሮ የሌላውን ቢያስቀር ለሚቀጥለው ትውልድ የሚያስረክበው ግማሽ መዝገብ ይሆናል።

5. ስለ አመዘጋገብ

ምዝገባ የሚጀመረው ሜዳዩ ከመነካቱ፣ ከመጠረጉና ከቦታው ከመነሣቱ በፊት ነው። ሜዳዮች በአንድ ሳጥን ውስጥ አብረው የተገኙ እንደሆነ፣ ወይም በአንድ ኮት ደረት ላይ በተራ የተሰኩ እንደሆነ፣ ያ አቀማመጥ ራሱ የአንድን ሰው የአገልግሎት ታሪክ ይናገራል፤ ስለሆነም መጀመሪያ እንዳለ ፎቶግራፍ ይነሣል።

ለእያንዳንዱ ሜዳይ አንድ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ የተመዘገበበትን ዓመትና ተራውን ቢያመለክት ይበቃል። ቁጥሩን በብረቱ ላይ መጻፍ፣ መፋቅ ወይም በሙጫ መለጠፍ ፈጽሞ አይገባም፤ በትንሽ ወረቀት ላይ በእርሳስ ተጽፎ በነጭ የጥጥ ክር ከማንጠልጠያው ቀለበት ጋር ይታሰራል። በመዝገብ ካርዱ ላይ ቢያንስ የሚከተሉት ይሞላሉ፦

ሀ) የሜዳዩ ስምና ደረጃ፣ የሰጠው መንግሥት ወይም ድርጅት፤
ለ) የተሸላሚው ስም ከነአባትና ከነአያት፣ በተሸለመ ጊዜ የነበረው ማዕረግ፣ የጦር ክፍሉ፣ የዋለበት ግንባር፤
ሐ) ብረቱ፣ ስፋቱ በሚሊሜትር፣ ክብደቱ በግራም፤
መ) በፊት፣ በጀርባና በጠርዝ ላይ ያለው ጽሑፍና የሠሪው ምልክት እንደተነበበ፤
ሠ) የሪባኑ ቀለማት ከለባሹ ቀኝ ጀምሮ በተራ፣ በላዩም ያለ ዘንባባ ወይም ዘንግ፤
ረ) የደረሰበት ጉዳት፤
ሰ) ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ፤
ሸ) አብሮ ያለ የምስክር ወረቀት፣ ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ፤
ቀ) ቤተ ሰቡ የሚናገረው ታሪክ፣ የተናጋሪው ማንነትና የተነገረበት ቀን።

ከእነዚህ መካከል ስፋትና ክብደት የማይረባ ዝርዝር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የብዙ ሜዳዮች ቅጂ እየተሠራ ስለሚሸጥ፣ እውነተኛውን ከቅጂው ለመለየት መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ልክ ነው።

በኢትዮጵያ ሁኔታ መዝጋቢውን የሚያሳስቱ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያና የአውሮፓ ዘመን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ በሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን በስምንት ዓመት ስለሚለያይ፣ ዓመቱ ብቻ ተጽፎ አቆጣጠሩ ካልተገለጸ አንድን ሰው ከዋለበት ጦርነት አውጥቶ ሌላ ጦርነት ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። «ኃይሉ» የሚለው ስም በ«ኀ»፣ በ«ሐ» ወይም በ«ሀ» ተጽፎ ሊገኝ ይችላል፤ «ሥዩም» በ«ሠ» ወይም በ«ሰ»፣ «ዓለሙ» በ«ዐ» ወይም በ«አ» ይጻፋል። በካርዱ ላይ ስሙ በምስክር ወረቀቱ እንዳለ ሊገለበጥ፣ በማውጫው ላይ ግን በአንድ በተወሰነ ፊደል ሊገባ ይገባል፤ አለዚያ አንዱ ሰው ሦስት ሰው ሆኖ ይቆጠራል። ሦስተኛው የማዕረግ ነው። በወረራው ዘመን ባላምባራስ የነበረው በኋላ ግራዝማች፣ ቀጥሎም ቀኛዝማች ሊባል ይችላል። ማዕረግ ስም ስላልሆነ ማውጫው በተጸውኦ ስም መደራጀት አለበት።

የቤተ ሰብ ትረካ ሲመዘገብም እንደተነገረ ይጻፋል፤ ከሌላ ማስረጃ ጋር የሚጋጭ ከሆነ ትረካው አይታረምም፤ ግጭቱ በጎን ይገለጻል። የሽልማት ዜና ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ በሚታተመው በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ይወጣ ስለነበር፣ የቆዩ ቅጾችን መመልከት ብዙ ጊዜ ጥርጣሬን ያስወግዳል።

6. ስለ አቀማመጥ

ሜዳይ የሁለት ጠባየ ብዙ ነገሮች ቅንጅት ነው፦ ብረት ደረቅ አየር ይወዳል፤ ሪባኑ ሐር ሲሆን በጣም ሲደርቅ ይሰባበራል። ስለዚህ የሚመረጠው መካከለኛና የማይለዋወጥ አየር ነው። ለጉዳት የሚዳርገው በተለይ የክረምቱ እርጥበት ነው። በነሐስ ላይ ጨው ካለ እርጥበቱ ሲጨምር ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ያወጣል፤ ይህ ብረቱን ከውስጥ የሚበላ በሽታ ስለሆነ እንዲህ ያለው ሜዳይ ከሌሎቹ ተለይቶ ደረቅ ቦታ ሊቀመጥና ባለሙያ ሊያየው ይገባል።

ብር የሚጠቁረው በአየር ውስጥ ካለው ድኝ የተነሣ ነው። ድኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሜዳዩን ለመጠበቅ ከተደረገው ነገር ራሱ ነው፤ የሱፍ ጨርቅና ላስቲክ ለዚህ ዋና ምሳሌዎች ናቸው። ተራ ካርቶንና አዲስ እንጨት አሲድ ያመነጫሉ፤ የጋዜጣ ወረቀትም እንዲሁ። ፒ.ቪ.ሲ. ከተባለው ለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራ ከረጢት ከጊዜ በኋላ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ቅባት በነሐስ ላይ ይተዋል። ናፍታሊንም ብልን ቢያርቅ እንኳ ከሜዳዩ ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ መታጨቅ የለበትም።

አሲድ የሌለበት ወረቀት በማይገኝበት ቦታ፣ ስታርቹ እስኪወጣ ድረስ ያለ ሳሙና በፈላ ውሃ ደጋግሞ የታጠበና በደንብ የደረቀ ነጭ አቡጀዲ ጥሩ ምትክ ነው። እያንዳንዱ ሜዳይ ለብቻው ይጠቀለላል፤ ብረት ከብረት ጋር እንዲፋተግ አይተውም። ሪባኑ ሳይታጠፍ በጀርባው ይዘረጋል፤ መርፌው ካለ ክፍት አይተውም። ሳጥኑ ከወለልና ከውጭ ግድግዳ ርቆ ይቀመጣል። የምስክር ወረቀቱ በሌላ ማኅደር ሆኖ በዚያው መለያ ቁጥር ይጠበቃል። በመስኮት ፊት ለፊት ባለ መስተዋት ሳጥን ውስጥ ለዓመታት የሚታይ ሜዳይ ሪባኑ ይነጣል፤ ለሐር የሚፈቀደው ብርሃን ከ50 ሉክስ እንዳይበልጥ የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ነው።

7. ስለ አጠራረግ

ሜዳይን ማብረቅረቅ ከጦር ሠፈር የመጣ ልማድ ነው። ወታደር ቁልፉን፣ ዘለበቱንና ሜዳዩን ለሰልፍ ያሻል፤ ይህም ለእርሱ የሥርዓትና የክብር ምልክት በመሆኑ አይነቀፍም። የሰነድ ጠባቂ ተግባር ግን ከዚህ ይለያል። በማሻ ቅባት የተፈተገ ብር ጥቁረቱን ብቻ ሳይሆን ከብሩም ጥቂት ይተዋል። ከፍ ብሎ የተቀረጸ ነገር ደግሞ ቀድሞ ይላጫል፤ በመቅደላ ሜዳይ ጀርባ ላይ ያለው ስም ባለቤቱ ባማረለት ቁጥር እየደበዘዘ የሄደው በዚህ የተነሣ ነው። በወርቅ የተቀባ ሜዳይ ቅቡ እጅግ ስስ ስለሆነ ጥቂት ጊዜ በመፈተግ ብቻ ይገፈፋል። በነሐስ ሜዳይ ላይ ያለው ቡናማ መልክም ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ሳይሆን ሠሪው ሆን ብሎ ያለበሰው ነው፤ ከተነሣ አይመለስም።

በየቤቱ የሚታወቁት ዘዴዎች ሁሉ፣ ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ አመድ፣ አሸዋና የጥርስ ሳሙና፣ ለሜዳይ ጎጂዎች ናቸው። አሲዱ ብረቱን ይበላል፤ አመዱና አሸዋው ይፍቀዋል፤ የጥርስ ሳሙናው ከፍቆ ነጭ ዝቃጩን በፊደላቱ ውስጥ ይተዋል። ኢናሜል ያለበት ኒሻን ውሃ ውስጥ ሊነከር አይገባም፤ ኢናሜል ብርጭቆ ስለሆነ በስንጥቁ የገባው ውሃ ከሥሩ ያለውን ብረት አዝጎ ቅቡን ያስለቅቀዋል። ሪባንም አይታጠብም፤ ቀለሙ ይለቃል።

እንግዲህ ለመምህር ወይም ለወራሽ የሚፈቀደው መጥረግ ይህ ነው፦ እጅን ታጥቦ ማድረቅ፣ ከተገኘም ጓንት ማድረግ፣ ሜዳዩን በጠርዙ መያዝ፣ አቧራውን በለስላሳ የቀለም ቡሩሽ ከሪባኑ አርቆ ማራገፍ፣ ከዚያም በንጹሕ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ሳይጫኑ መዳሰስ። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈልገው ካለ የቤተ መዘክር ባለሙያ ሥራ ነው። የተደረገውም ሁሉ፣ ማን፣ መቼ፣ በምን እንደጠረገ፣ በካርዱ ላይ ይጻፋል። የጠቆረ ብር ዳግመኛ ሊበራ ይችላል፤ የተላጨ ስም ግን አይመለስም።

8. የትምህርት ቤቶች ድርሻ

የአርበኞችና የዘማቾች ሜዳዮች በብዛት የሚገኙት በቤተ መዘክር ሳይሆን በየቤቱ ነው። እዚያ ሊደርስ የሚችለው ደግሞ በየቀበሌው ያለው ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎች የአያቶቻቸውን ሜዳይ ታሪክ ጠይቀው እንዲጽፉ የሚሰጥ ሥራ ዕቃውን ከቤቱ ሳያስወጣ ስሙን ያድናል። የሚያስፈልገው መሣሪያም ቀላል ነው፦ በሚሊሜትር የተከፈለ ማስመሪያ፣ ትንሽ ሚዛን፣ ፎቶግራፍ ማንሻ፣ እርሳስና ወጥ የሆነ ካርድ።

በዚህ ሥራ ሦስት ጥንቃቄዎች ሊዘነጉ አይገባም። ሜዳዩ የቤተ ሰቡ ንብረት ስለሆነ መምህሩ በአደራ ለመያዝ እንኳ ባይቀበል ይመረጣል፤ ለኤግዚቢሽን ከተሰጠም በፊርማና በምስክር ይሁን። የምዝገባው ዝርዝር የማን ቤት ምን እንዳለ ስለሚያሳይ በቁልፍ ይጠበቅ። የሜዳዩም የገበያ ዋጋ በካርዱ ላይ አይጻፍ። የኢትዮጵያ ሜዳዮች በውጭ አገር ጨረታዎች የሚሸጡ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ስለሚመዘገብበት ሁኔታ ሲደነግግ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣም ከልክሏል። ያልተመዘገበ ሜዳይ ግን ቢወጣ እንኳ መውጣቱን የሚያስረዳ የለም።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀረው ሥራ ካርዱ በሁሉም ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት እንዲሆን፣ ቅጂውም ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንዲደርስ ማድረግ ነው። በልዩ ልዩ ቅርጽ የተሞሉ አንድ ሺህ ካርዶች ከቶ ሊነጻጸሩ አይችሉም፤ በአንድ ቅርጽ የተሞሉ መቶ ካርዶች ግን የአንድ አውራጃ ሰው በየትኛው ግንባር እንደዋለ፣ ስንት ዓመት በአርበኝነት እንደቆየ ማሳየት ይችላሉ። እንዲህ ያለው መረጃ በመማሪያ መጻሕፍት ከሚገኙት የመሪዎች ስሞች አጠገብ የተራውን ዘማች ስም ለማስገባት ያስችላል።

ማጠቃለያ

ቀደም ሲል የጀግናን ሥራ ሕዝቡ በፉከራ ሰምቶ በትውስታው ያኖር ነበር። ኒሻንና ሜዳይ ሲመጡ የሽልማቱ መልክ ተለወጠ፤ ስሙ ግን እንደ ጥንቱ በቃልና በወረቀት ላይ ቀረ። ቃሉ የሚሰማበት ጊዜ እያለፈ ነው፤ ወረቀቱም እየተበላ ነው። የሜዳይ ጠባቂ ስለዚህ ቡሩሹን ከማንሣቱ በፊት እርሳሱን ሊያነሣ ይገባል። ጠቁሮ የተቀመጠ፣ ሪባኑ የነተበ፣ ነገር ግን የማን እንደሆነ የተጻፈለት ሜዳይ፣ እንደ መስተዋት ከሚያበራው ባለቤት አልባ ሜዳይ ይልቅ ለታሪክም ለተማሪም ይጠቅማል።